አቶ ባይኔ ያየው ሁሉ

ያላየኸውን አየሁ አትበል። ጋዜጣ ቤት በተቀጠረበት ማለዳ ዋና አዘጋጁ ይህን ደንብ አስቁመው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሽማግሌው ደንቡን የጣሰ ሰው ውሎ አድሮ ዋጋውን እንደሚያገኝም አስጠነቀቁት። ወጣቱ ደንቡን በቃሉ ያዘ።

የወንጀል ዜና አምድ ሲሰጠው «በዓይኔ አየሁ» ብሎ ሰየመው፤ ባልደረቦቹም እሱን አቶ ባይኔ ብለው ሰየሙት። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት እሱ ደርሷል። ደሙ ሳይረጋ፣ ሌባው አጥር ሳይዘል፣ እናት ጩኸቷን ሳትጀምር አቶ ባይኔ በቅርብ ቆሞ ያያል። ሚስቱ በበኩሏ ጫማው ጭቃ ነክቶት እንደማያውቅ እየተናገረች በንጽሕናው ትኮራበት ነበር።

አንድ ስመ ጥር ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ታንቆ ተገኘ። ይህ ነጋዴ በአንድ ግብዣ ላይ አቶ ባይኔን በሰው ፊት «ወሬ ለቃሚ» ብሎ አዋርዶት ነበርና፣ ቂሙን የሚያውቁ ሰዎች ዜናውን በጥንቃቄ አነበቡት። ዜናው ግሩም ነበር። ጸሐፊው ከቤቱ ትይዩ ባለ ጣራ ሥር ተጠልሎ ሳለ፣ የነጋዴው ዘበኛ እጁን በካፖርቱ ጫፍ እየጠረገ ሲወጣ አይቶታል። ፍርድ ቤት ሲጠራም ቀኝ እጁን አንሥቶ ያንኑ ደገመው፤ ድምፁ አምሮ ነበር ይባላል። ዘበኛው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ አቶ ባይኔ ተሸለመ።

ሽልማቱ ልቡን ስላሳበጠው ጋዜጣውን ትቶ ልብ ወለድ ጻፈ። የነጋዴው ቤት፣ የነጋዴው አንገት፣ የነጋዴው ሎሌዎች ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። አንባቢዎቹ ይህ ሰው ራሱ ካልገደለ በቀር ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል እያሉ ያሙት ጀመር። እሱም ሪዙን እያሻሸ ፈገግ ይላል እንጂ አያስተባብልም፤ ሐሜቱ ገበያ ነበርና።

ከዓመታት በኋላ አንዲት መነጽር ያደረገች መርማሪ ፖሊስ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ በሩን አንኳኳች። አንዱን ገጽ አጥፋ ይዛው ነበር።

«ገዳዩ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው ብለው ጽፈዋል» አለችው። «እውነትም ሬዲዮኑ እንዲያ ሆኖ ነው የተገኘው። ይህ ግን ከመዝገባችን ወጥቶ አያውቅም።»

«ልጄ፣ ሰው የሚያንቅ ሰው ሬዲዮ ከፍ ማድረጉ ምን ይጠየቃል? ደራሲ ነኝ እኮ!»

«እዚያ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

«በዓይኔ አየሁ ብያለሁ» አለ አፉን ሞልቶ። በሩን ከዘጋ በኋላ ግን መጽሐፉን አውጥቶ የሬዲዮኑን ገጽ ደጋግሞ አነበበው።

መርማሪዋ ተመልሳ መጣች። የት ጋ እንደ ቆመ፣ መብራት ይኑር አይኑር፣ ከነጋዴው ጋር በምን እንደ ተጣላ ጠየቀችው። እሱም በመለሰ ቁጥር ወደ ሬሳው አንድ እርምጃ የቀረበ መሰለው። እንቅልፍ አጣ፤ ምግብ አስጠላው። በየመጽሐፉ ስንቱን ያለ ጭንቀት የሰቀለ ሰው፣ ገመዱ ወደ ገዛ አንገቱ ሲመጣ ከረባት ማሰር እንኳ ፈራ።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ እናቷን አስጠራች። አማቱ ምላሳቸው ከሹካ የሚወጋ ሴት ነበሩ።

«የዚያን ምሽት እኔ ቤት አልነበርክም እንዴ፣ ልጄ?» አሉት።

«እማማ፣ እሱን ከተናገርኩ እኮ ስሜ አለቀ። ሕዝቡ ምን ይለኛል?»

«ውሸታም ይልሃላ። ውሸታም ሲባል የሞተ ሰው ግን አላየሁም፤ ተሰቅሎ የተረፈም አላየሁም። ምረጥ።»

አቶ ባይኔ ሲያመዛዝን ሰነበተ። ስሙ ይከብዳል፤ አንገቱ ግን ቀጭን ነው። በመጨረሻ ለአንገቱ አደላ።

ሳይጠሩት አቤት እንዲሉ፣ ምስክሮቹን ራሱ አሰልፎ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ሚስቱ፣ አማቱና የጥርስ ሐኪሙ ተራ በተራ ቃላቸውን ሰጡ። ነጋዴው በታነቀበት ምሽት አቶ ባይኔ አማቱ ቤት አገጩን በሻሽ ጠምጥሞ ተጋድሞ ነበር። ሐኪሙ መንጋጋውን ሲነቅለው ጎረቤት ተሰብስቦ አይቷል። አማቱ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት እንደ እሱ አትጮኽም ብለው መሰከሩ። ወሬውን በስልክ የነገረው የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ነበር፤ የቀረውን ትኩስ ሾርባ እየጠጣ ራሱ ሞላው።

መርማሪዋ ሁሉንም በትዕግሥት ጻፈች።

«እንግዲያው ዘበኛውን በዓይንዎ አላዩትም?»

«ዘበኛውን?» አለ አቶ ባይኔ፣ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «እኔ የዚያን ሰፈር መንገድ እንኳ አላውቀውም።»

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። እንደ ደራሲ ፊርማውን አስረዝሞ ፈረመ።

«አሁን ነጻ ነኝ?»

«ከግድያው ነጻ ነዎት» አለችውና ተነሥታ ጨበጠችው። ምስክሮቹንም አንድ በአንድ አመሰገነች።

አቶ ባይኔ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። አማቱን ደግፎ ደረጃውን ሲወርድ፣ ይህችን መርማሪ በሚቀጥለው መጽሐፉ ውስጥ ሞኝ አድርጎ እንደሚያስገባት ለሚስቱ ነገራት።

መዝገቡ እንደገና በተከፈተበት ችሎት ዘበኛው በነጻ ተሰናበተ፤ አቶ ባይኔ ግን በመሐላ ሐሰት መስክሮ ንጹሕ ሰው ማሳሰሩ በገዛ ምስክሮቹ ቃል ስለ ተረጋገጠበት ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።