ዛሬ በታሪክ፣ ኅዳር 29

በ1998፣ በአንድ የቡታጅራ ትምህርት ቤት፣ መምህር ሸዋንግዛው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ገብቶ፣ የልብ ጓደኛው አቤኔዘር እንደ ወትሮው ጽፎ የሰጠውን «ዛሬ በታሪክ» በድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመረ።

«ኅዳር 29። በ1987 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። በ1990 የርእሰ መምህራችን ልጅ ናዝራዊት ተወለደች።»

ውጭ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሦስተኛውን መስመር ግን ድምፁን ሳያሰማ አነበበው፤ «በ1998 መምህር ሸዋንግዛው በአቤኔዘር ጥቆማ ታሰረ።»

ማጉያውን አጠፋና አጠገቡ ለቆመው አቤኔዘር ወረቀቱን አሳየው። «አንተ፣ ይሄ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?»

አቤኔዘር ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንድሜን ይንሳኝ፣ እኔ አልጻፍኩትም! ግን... ማን ነገረህ?»

ሸዋንግዛው ከመደርደሪያው የአምናውን የኅዳር 29 ወረቀት አወጣ፤ የካቻምናውንም፤ ሁለቱ ገና ሳይተዋወቁ የተነበበውንም። ያቺ መስመር በሁሉም ላይ፣ በአቤኔዘር የእጅ ጽሑፍ፣ ቀለሟ ደብዝዞ ተቀምጣለች።