በሩ የከለከለው ባል

ዘርፌ ከባድ አስም ስላለባት ትንፋሿን የሚጠብቅላት የቤቷ በር ነው። ደሟ ውስጥ አስሟን የሚያባብሰውን ኢዮሲኖፊል የሚባል ሴል የሚያበዛ ነገር የሸተተው እንደሆነ አይከፈትም። መጀመሪያ ድመቷን ከለከለ፤ ቀጥሎ ምንጣፏን። ዘንድሮ ደግሞ ወፍጮ ቤት የሚሠራውን ባሏን ሙሉሰውን ከለከለ፤ ቢታጠብ ቢታጠብ ዱቄቱ ከላዩ አልለቅ አለ። አሁን የሚያድረው ጓሮ ካለችው ክፍል ነው፤ ራታቸውንም በመስኮቱ መስታወት ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው ይበላሉ።

«ዛሬስ እንዴት ተነፈስሽ?» አላት በመስታወቱ።

«እንደ ኮረዳ። ደሜም ደህና ነው ተብሏል።»

«እሰይ! እንግዲህ ወፍጮውን ልተወውና ልግባ።»

«ትተኸው ምን ልትበላ ነው? መስታወት?»

ሙሉሰው ሳቀ። እሷን ግን በመስታወት መሳሳቁ ታክቷታል። ትንፋሿስ ደህና ነው፤ ቤቱ ግን ጭር ብሎባታል። ሳህኗን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«ከወጣሽ ያምሻል» አላት በሩ።

«አውቃለሁ፤ ክፈት።»

ወጥታ አጠገቡ ስትቀመጥ ሙሉሰው ደንግጦ ሸሸት አለ።

«አብደሻል እንዴ? ዱቄቱ ያፍንሻል እኮ!»

«ያፍነኝ! አንተ ሰውዬ፣ ይልቅ አፍህን ክፈት።»

ሳሏ ሳይቀድማት አጎረሰችው።