የተከለከለው ቃል

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ሲገባለት ማጣሪያውን የጫነው የኮምፒውተር መምህሩ ጀብሪል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን አስቀምጦ ጣቱን እየቀሰረ ነገራቸው።

«ፌስቡክ ዝግ ነው። ቴሌግራም ዝግ ነው። ለማንም መልእክት መላክ አይቻልም። የብልግና ቃል የጻፈ ደግሞ ወዲያው የእኔ ኮምፒውተር ይጮህበታል። አንዴ ከሆነ እኔ እቀጣዋለሁ። ከደገመ ወላጁ ይመጣል። ከሠለሰ የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያዋን ከወረዳ እጠራበታለሁ። እሷ በር ዘግታ ለብቻው ነው የምትመረምረው። ያን ጊዜ እኔም አላድናችሁም፣ ርእሰ መምህሩም አያድኗችሁም።»

ልጆቹ ተሳሳቁ። ከኋላ የተቀመጠችው ይታይሽ አልሳቀችም።

ይታይሽ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ በትምህርቷም ጎበዝ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በከላላ መንገድ ነው። ሰሞኑን አባቷ አወቀ ጠዋት በበቅሎ አምጥቶ በሩ ላይ ያወርዳታል፤ ስትወጣም እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። ዘበኛው «ልጁን የሚወድ አባት እንዲህ ነው» ይል ነበር።

በሚቀጥለው የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ የጀብሪል ኮምፒውተር ጮኸ። ሲያይ የይታይሽ ነው። ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ለማጥፋት እንኳ አልሞከረችም።

«ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«በስህተት ነው?»

«አይደለም።»

ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። ጀብሪል ደወል እስኪደወል ድረስ ሰሌዳው ሥር አንበረከካት። በእረፍት ሰዓት ጎኗ የምትቀመጠው ኢልሀም ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ዴስክ ላይ አኖረች።

«ከባለጌ ጋር አልቀመጥም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ይታይሽ ግን በቀጣዩ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ደገመች። የአሁኑ ቃል ከመጀመሪያው የባሰ ነበር።

አባቷ ተጠራ። ርእሰ መምህሩ ንጉሡ የልጅቷ ወንድም የክርስትና አባት ነው፤ አወቀን አቅፎ ሳመውና በሩን ዘጋ። ጀብሪል ቃሉን በአፉ ለመጥራት ስላፈረ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው። አወቀ አነበበና ልጁን በጥፊ አጮላት።

«ማነው ያስተማረሽ? ተናገሪ!»

ይታይሽ ጉንጯን አልያዘችም።

«ስልኳን ከቀማኋት ከረመ» አለ አወቀ ወደ መምህሩ ዞሮ። «ከጓደኛ ጋር አትውልም። እኔው አመጣታለሁ፣ እኔው እመልሳታለሁ። ከናንተ ኮምፒውተር ካልሆነ ከየት አመጣችው?»

«ኮምፒውተሩ አይደለም ያስተማራት» አለ ጀብሪል። «ወላሂ እንዲህ ያለች ደፋር አይቼ አላውቅም። ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የጻፈችው!»

አወቀ ወደ ርእሰ መምህሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አበልጄ፣ ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ሰው ከሰማ ስሟ ይጠፋል። ይህን ሳምንት ብቻ ታገሡኝ፤ ከዚያ በኋላ አታስቸግራችሁም።»

«ምን ልታደርጋት ነው?» አለ ጀብሪል።

«አባቷ እኔ ነኝ። የማደርገውን አውቃለሁ።»

«እዚሁ ይብቃ» አለ ንጉሡ። «ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተር ክፍል አትገባም። ነይ፣ መምህርሽን ይቅርታ ጠይቂ።»

«አልጠይቅም» አለች ይታይሽ።

አወቀ እጁን እንደገና አነሳ፤ ንጉሡ ያዘው። «ቤት እንግዶች አሉብኝ እንጂ!» አለ አባትየው ጥርሱን ነክሶ፣ ልጁን በክንዷ እየጎተተ ወጣ።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሲገቡ እሷ ደጅ ቀረች። ጀብሪል ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሳለ በሩ ተበረገደ። ይታይሽ ሮጣ ገብታ ኢልሀምን ከወንበሯ ገፍትራ ጣለቻትና ኪቦርዱን እየቀጠቀጠች ሌላ የብልግና ቃል ጻፈች። ኢልሀም ጮኸች። የመምህሩ ኮምፒውተርም ጮኸ።

«ውጪ! ከዓይኔ ጥፊ!» አለ ጀብሪል። ንጉሡ ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ መምህሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር።

«ለማን ነው የምትደውለው? እዚሁ ይብቃ አላልኩም?»

«ለባለሙያዋ ነው። እየመጣች ነው። የሥራዋን ታግኝ!»

የወረዳዋ ባለሙያ ሐረግ በባጃጅ ስትደርስ አወቀ በቅሎውን ይዞ በሩ ላይ ነበር። ማን እንደሆነች ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ተከትሏት ገብቶ የቢሮው ደጃፍ ላይ ተገተረ።

«እኔ በሌለሁበት ልጄን ማንም አያናግራትም!»

«እርስዎ ውጭ ይጠብቁ። ደንቡ ለብቻዋ ነው የሚለው።»

«እኔ ልቀመጥ፤ የአበልጄ ልጅ ናት» አለ ንጉሡ።

«እርስዎም ውጭ።»

ሐረግ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ከሥራዋ ላይ ተነሥታ ስለመጣች ንዴቷ አልበረደም ነበር። ወንበር ስባ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ! አባትሽን በሰው ፊት እንዲህ ታዋርጃለሽ? ቤተሰብሽ አያሳዝንሽም? በይ አሁን ሳትዋሺ ንገሪኝ። ይህን ነውር የት ነው ያየሽው? ማን ነው ያሳየሽ?»

ይታይሽ የተቆለፈውን በር አየች። ከውጭ የአባቷ ድምፅ ይሰማል። ከወንበሯ ተነሥታ ሐረግ ጆሮ ሥር ተጠጋች።

«ምንም አላየሁም፣ እትዬ፤ እሑድ ሊድሩኝ ነው፣ እርስዎን ለብቻዎ የማገኝበት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው።»