የኖትቡርጋ የስኪ ጫማ

የኖትቡርጋ የስኪ ጫማ፣ በረዶ ላይ የምትንሸራተትበት፣ መላላት የጀመረው ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። መጀመሪያ ተረከዟ ውስጥ ለውስጥ መጫወት ያዘ። ቀጥሎ ቁልቁለቱ ላይ ስትታጠፍ እግሯ ቀድሞ ይታጠፍና ጫማው ዘግይቶ ይከተላት ጀመር። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ እያየ ወደቀች።

ዕድሜዋን በሙሉ በኦበርታል ተራሮች ላይ ስትንሸራተት የኖረች ሴት በቂጧ ተንሸራታ ወርዳ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣው ተንጠልጣይ ገመድ መሳፈሪያ በር ላይ ደረሰች። ሦስት ጎረምሶች ሮጠው ደግፈው አነሷት። ያናደዳት መውደቋ ሳይሆን መደገፏ ነው።

ጫማውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ቪጊል ሄደች። ቪጊል የሸለቆውን ሰው ጫማ ሲያስተካክል ያረጀ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። በኦበርታል ያለ ጉዳይ የሰው ደጅ አይረገጥም። የቪጊል ደጅ ግን ድሮ ጉዳይ ያለው ሰው አይጠፋውም ነበር፤ ታች ገመዱ አጠገብ የፋቢያን የጫማ ሱቅ ከተከፈተ በኋላ ነው ጭር ያለው።

«ላላብኝ» አለችው።

ቪጊል ጫማውን ተቀብሎ የውስጡን ስፖንጅ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ስፖንጁ ተጨፍልቋል። ሲያረጅ እንዲህ ነው፣ ቦታ ይለቃል።»

«እንደ ሰው በለኛ።»

«ሰው የሚል ቃል ወጣኝ? ተቀመጪ፣ ሾርባ አለ።»

ሲሠራ ሰው እንዲያየው አይወድም። መጋረጃውን ስቦ ጓዳ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ሞላላት፤ ዘለበቶቹንም ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መታቸው። እሷ ሾርባውን ጠጥታ ስትጨርስ ጨው እንደሌለው ነገረችው። እሱም የእሷ ምላስ ጨው ስላለው እንደማያስፈልግ ነገራት። በዚህ ተነስተው እስኪመሽ ተከራከሩ።

በማግስቱ ጫማው እግሯን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ያን ቀን ማንንም ሳትሳደብ ወረደች። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ተመልሶ ላላ።

«ምን ዓይነት ባለሙያ ነህ አንተ?» አለችው ደግማ ስትሄድ።

«ምን ዓይነት አረጋገጥ ነው ያንቺስ? በሬ ያሳደደሽ ይመስል! አምጪው፤ ተቀመጪ።»

እንደገና መጋረጃ፣ እንደገና ሾርባ፣ እንደገና ክርክር። እንደገና ላላ። የበረዶው ወራት እንዲሁ አለፈ፤ አዲሱ መጣና ያው ሆነ።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የቪጊል ዓይን ደክሟል አለ። ግማሹ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማ እንዲህ በየሳምንቱ አይላላም፣ እግሯ ነው እየሟሸሸ ያለው አለ። ኖትቡርጋ ሁለተኛውን አመነች። እናቷንም የገደላት በሽታ የጀመራት ከእግሯ ነበር። ማታ ማታ ባቷን በክር እየለካች ክሩ ላይ ቋጠሮ ታስር ነበር፤ ቋጠሮው ባይንቀሳቀስም ክሩ ነው የተሳበው ትላለች። የጎረቤቷ ውሻ ደግሞ ከእግሯ አልለይ አለ። ከመንሸራተቻው በተመለሰች ቁጥር ቁርጭምጭሚቷን እያሸተተ እስከ በሯ ይከተላታል። ውሻ የሰው መጨረሻ ይሸተዋል ሲባል ሰምታለች። ፈራች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ልጇ ኤርና ከሜራን ከተማ ደወለች።

«እማዬ፣ እኔ ጋ የምትኖሪበትን ክፍል ቀለም አስቀባሁት እኮ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ከመስኮቱ ምን ይታያል?»

«ሌላ ሕንፃ።»

ኖትቡርጋ በሩ ሥር ያለውን ጫማዋን አየች።

«አንዴ ላስጠግነው። ደግሞ ከላላ መጥተሽ ውሰጂኝ» አለች።

ይህን ለቪጊል አልነገረችውም። ሾርባዋን ጠጣች፣ ጨው አለው ብላም አመሰገነችው። ቪጊል ማንኪያውን አስቀምጦ አያት።

«አሞሻል እንዴ?»

«እግሬ ነው መሰለኝ፣ ቪጊል። ጫማው ምንም የለበትም።»

«እግርሽማ ደህና ነው።»

«ሐኪም ሆንክልኝ ደግሞ።»

«ደህና ነው አልኩሽ!» ብሎ ጮኸና መጋረጃውን ስቦ ገባ።

ጫማው ላላ። ኤርና መጣች። ሻንጣዎቹን መኪና ላይ ጫኑ፤ ኖትቡርጋም ቤቷን ቆለፈች። ቪጊልን ልትሰናበት አሰበች፤ ግን ያለ ጉዳይ ምን ብላ ትግባ? ተወችው። ጫማውን ለሚሆነው ሰው እንዲሰጥላት ብቻ ፋቢያን ሱቅ ወረደች። ኤርና ሞተሩን ሳታጠፋ ውጭ ቀረች።

ፋቢያን ጫማውን በአክብሮት አገላበጠው።

«እማማ ኖትቡርጋ፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቅርፊት ዛሬ አይገኝም። ምነው ሊሰጡት?»

«እግሬ አለቀ ልጄ። ቢሞላ ቢሞላ ይላላል።»

«እስቲ በምን እንደተሞላ ልየው።»

የውስጡን ስፌት በምላጭ ተርትሮ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። የወጣው ስፖንጅ አልነበረም። አብሽ አብሽ የሚሸት፣ የሸለቆው ሰው በጢስ ከደረቀ ሥጋ ጋር የሚበላው ደረቅ ቂጣ ፍርፋሪ ነው። አንዱ ቁራጭ ገና አልደቀቀም፤ በቁርጭምጭሚቷ ልክ በጥንቃቄ ተሞርዷል።

«ይኼማ ገና ሳምንት ሳይሞላው ነው የሚደቀው!» አለ ፋቢያን ራሱን እየነቀነቀ። «ግድ የለም፣ በደህና ስፖንጅ እሞላልዎታለሁ። ከእንግዲህ እስከ መቼም አይላላም።»

ኖትቡርጋ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ አንድ ሳታስቀር ሰበሰበችው።

«እንደነበረ መልሰህ ስፋው» አለችው።