በቆዳ የተሰፋው ማስረጃ

«ዋናውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ካላየሁ አልመዘግብሽም» አለ የአብራሪነት አመልካቾች መዝጋቢ። ሔራን ወደ አያቷ ዞረች። ከዘጌ ሐይቁን ሲሻገሩ ማዕበል ጀልባው ውስጥ ገብቶ በቦርሳዋ የያዘችውን ኮፒ ሊጥ አድርጎት ነበር። ዋናው ያለው በአያቷ በእማማ ወለተ ጊዮርጊስ አንገት ላይ ነው፤ እንደ ክታብ በቆዳ ሰፍተው አንጠልጥለውታል። እሱም ርሶ ከሆነ አብራሪነቱ ቀረ።

«እምዬ፣ ምነው ባልሰፋሽው!» አለች ሔራን በሹክሹክታ፤ በኀፍረት ፊቷ ቀልቷል።

«አጋንንት ለሚያርቀው ጽሑፍ የሆነ ቆዳ ለፊዚክስ ምን ያንሰዋል?» አሉ እማማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። ክታቡን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ምላጭ ስጠኝ ልጄ፤ ደግሞ አትሳቅ! ፊደል ባልቆጥርም፣ ልጄን ሰማይ የሚያደርሳት ይህ ወረቀት መሆኑን አላጣሁትም።»

መዝጋቢው ሳቁን ውጦ ምላጭ አቀበላቸው። ስፌቱን ሲበጥሱት ሔራን ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ማኅተሙ እንኳ አልደበዘዘም። መዝጋቢው የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቷን አነበበና ከወንበሩ ተነሣ።

«እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ። ልጅዎን ለመግቢያ ፈተናው መዝግቤያታለሁ።»

«ተመስገን! ላስተማሯትም ዕድሜ ይስጥልኝ» አሉ፤ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

መዝጋቢው ለማስረጃው መያዣ የሚሆን የፕላስቲክ ክላሰር ዘረጋላት። ሔራን ግን ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቆዳው መለሰችው።

«እምዬ፣ እንደገና ስፊልኝ» አለች አያቷ ፊት ተንበርክካ፤ «አሁን ግን ማንገቻውን በእኔ አንገት ልክ።»