ከእቶኑ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ስንፍና መስሎኝ ነበር። በሰበታው ብረት ፋብሪካችን የእቶን ክፍል ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ታጥበው፣ ልብስ ለውጠው ሲያበቁ፣ ከአጥሩ ሥር በተጋደመው ግንድ ላይ ተደርድረው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይቀመጣሉ። የቡራዩው ሰርቪስ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃቸዋል። ከቢሮዬ መስኮት ቁልቁል እያየሁ በወርኃዊው ሪፖርቴ «ያለ ሥራ መቀመጥ፣ የነዳጅ ብክነት» ብዬ ጻፍሁ። አጭርና የተስተካከለ ዐረፍተ ነገር ነበረና ወደድሁት።

ዛሬ ምላሹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሰርቪሱ ልክ በዘጠኝ ከሩብ ይነሣል። ማስታወቂያውን አትሜ ሳልጨርስ የእቶን ክፍሉ አንጋፋ ኦቦ ባጫ ይገባሉ። ሾፌሩ ነግሯቸዋል።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? ደኅና ነሽ?»

«ይቀመጡ፣ ኦቦ ባጫ።»

«መቀመጡንማ ከለከልሽን።» ይስቃሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ። ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ፤ ወረቀቶቼ አብረው ይንሾካሾካሉ።

«እዪው። ከቀለጠ ብረት ፊት ስምንት ሰዓት ‹ቶሎ! ቶሎ!› ሲባል የዋለ እጅ ይኸውልሽ። አምና እንዲሁ እንደወጣሁ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ጠጅቱ ያቀበለችኝን ሻይ የልጅ ልጄ ደረት ላይ ደፋሁት። ጠባሳው አለ። የመኪናው መንገጫገጭ ያብሰዋል እንጂ አያረጋውም፤ ከዚያ ወዲህ እጃችን እስኪረጋ ማናችንም ወደ ቤታችን አንሄድም። ብረቱንስ ሳይበርድ መኪና ላይ እንጭነዋለን?»

«ለምን ለክሊኒኩ አልተናገራችሁም?»

«እጁ የሚንቀጠቀጥን ሰው ማን እቶን አጠገብ ያቆማል? ‹በል ወደ ቤትህ› ነው። ስድስት ነን፣ ልጄ፤ ስድስት ቤት ነው።»

ስልኩን አነሣለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ኪሩ ያደምጡኝና በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ከጀርባቸው ሌላ ስልክ ይጮኻል።

«ብክነት ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ። አሁን ደግሞ ይቆይ ትያለሽ። እሺ፣ ምክንያት ስጪኝ፤ እኔም ከበላዬ የሚጠይቀኝ አለ።»

ኦቦ ባጫን አያለሁ። እጆቻቸውን ጭናቸው መካከል ሸሽገው ራሳቸውን በዝግታ ይወዘውዛሉ፤ አትንገሪ ነው። ብናገር ስድስት ሰው እንጀራውን ያጣል። ዝም ብል ስድስት ሰው ያልበረደ እጁን ይዞ ልጆቹ መካከል ይገባል። ይህን ያህል ዘመን የተማርሁት ትምህርት ከሁለቱ የሚያስመልጥ ቀዳዳ አያሳየኝም።

«ውብአየሁ? አለሽ?»

«ምክንያት የለኝም» እላለሁ።

ኦቦ ባጫ ይነሣሉ። «ገለቶሚ፣ ልጄ» ይላሉ፤ ምስጋናቸው ከስድብ ይልቅ ይከብደኛል።

ማስታወቂያው ላይ ማኅተም መታሁበት፤ ወርጄም ሰርቪሱ በር ላይ በገዛ እጄ ለጠፍሁት።