ሰው ካለ ይበራል

መብራቱ ድንገት ሲጠፋ አርዋ «ሄደ እንግዲህ» አለች። በካዛንቺሱ ኮሌጅ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የንባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። የስልኳ ባትሪ ካለቀ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመደችው እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳጣጠፈች ሳትንቀሳቀስ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ መጠበቅ ያዘች።

ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ከበሩ በላይ ባለችው መስታወት ግን የኮሪደሩ መብራት ቦግ ሲል አየች። የእሷ ክፍል ብቻ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ታዲያ ሰው ነው ያጠፋብኝ! ኮቴ እየቀረበ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ኧረ ማንም የለም» አለ ጥበቃው፣ ከውጭ በስልክ እያወራ። «ይሄ አዲሱ መብራት እኮ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ ይበራል፣ ሰው ከሌለ ራሱ ይጠፋል። እዚህ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በቃ፣ እስከ ሰኞ ቆልፌው መጣሁ።» ቁልፉ ቀጭ ሲል፣ ኮቴውም እየራቀ ሲሄድ ተሰማ።

አርዋ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ስትነሳ መብራቱ ከአናቷ በላይ ቦግ አለ። «ጋሼ! ጋሼ፣ ሰው አለ!» እያለች በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። ከዚያ ዝም ብላ፣ ዓይኗን ከበሩ በላይ ባለችው መስታወት ላይ ተክላ አዳመጠች። የኮሪደሩ መብራት ጥቂት ቆየና ጠፋ።

አርዋ የራሷም እንዳይጠፋባት እጇን ማወዛወዝ ጀመረች።